አዎ፣ ሆነ

ሰው የራሱን ጥፋት ሲጽፍ መጀመሪያ ጥሩ ጎኑን ማስቀደም ያምረዋል። እኔንም አምሮኛልና ከዚያው ልጀምር። ጎረቤላ ከተማ ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ በተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ራፖር እጽፋለሁ። ክስ የደረሰው፣ መሬቱን የተቀማ፣ ባሏን ልትፈታ የቆረጠች፣ ሁሉም መጀመሪያ እኔ ጋ ይቆማል። ጽሕፈቴ ይነበባል፤ ከዳኛ የሚያጣላ ቃል አላስገባም፤ ድሃም አላጉላላም። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት የፍርድ ቤት ታይፒስት ስለነበርኩ የችሎት አማርኛ እንደ ዳዊት በቃሌ ነው። ሕግ ግን አልተማርኩም። ያኔ ይህ ልዩነት ብዙም አይታየኝም ነበር።

«የሺ የጻፈችውን ዳኛም አይሰርዘው» ይሉኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ልዋሽ። ለመሬት ባለጉዳይ ሁሉ «ወረቀትህን ያዝ» እላለሁ። በወንጀል ለተከሰሰ ደግሞ «እመን፣ ይቀልልሃል» የምትል አንዲት ምክር ነበረችኝ። ሰውየው ካቅማማ በስሜ እቀልድበታለሁ፤ «እሺ ይበልጣል ከሺህ ሲባል አልሰማህም? የሺ ራሷ እሺ በል እያለችህ ነው!» እስቃለሁ፤ እሱም ይስቃል፤ ያምናል። ለብዙዎቹ በእርግጥም ቀሎላቸዋል። ያሞኘኝም ይኸው ነው።

ጌታነህ የመጣው በጥቅምት ማለቂያ ነበር። ገደል አፋፍ ላይ የሚያርስ፣ ዕድሜው ከአርባ ያልዘለለ ገበሬ ነው። ሚስቱ አስካለና የነፍስ አባታቸው መምሬ ተክሌ አብረውት ነበሩ። የክሱን ወረቀት ተቀብዬ አነበብኩ። በመስከረም መጨረሻ ጎረቤቱን ደምሴን በወንጭፍ ድንጋይ መትቶ ግራ ዓይኑን አጥፍቶታል። «ሆነ ብሎ ከባድ የአካል ጉዳት በማድረስ» ይላል ክሱ። ሁለቱ በድንበር ተጣልተው ሁለት ዓመት ተኳርፈው መኖራቸውም ተጽፏል።

«ታርቀዋል ልጄ» አሉኝ መምሬ። «ድንጋይ ተሸክሞ ከደጁ ወድቆ ‹አጥፍቻለሁ፣ ማረኝ› ብሎታል፤ አንድ ቃል አልመለሰም። ደምሴም ለእግዜር ብሎ ድንጋዩን ከጫንቃው አውርዶለታል። ወንድሞቹ እንኳ እያጉረመረሙ እጅ ነስተዋል።»

የዕርቁን ሥርዓት ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር ዕርቅ ላይ የበደለ አይከራከርም። ሽማግሌ የሚለውን ሁሉ «አዎ» ይላል። ግማሹ ያልሆነ ቢሆንም «አዎ» ይላል። ይህ እንዲህ ነው፣ ያ ደግሞ እንዲያ ነበር ማለት ከጀመረ ንስሐው ሐሰት ነው ይባልና ዕርቁ ይፈርሳል። ዝም ብሎ መሸከም ነው።

«እንግዲህ የቀረው የመንግሥቱ ነው» አሉ መምሬ። «እዚያስ ምን ይበል?»

«እዚያም ያንኑ ይበል እንጂ መምሬ!»

ጌታነህ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ቆሞ ነበር። «እትዬ የሺ፣ ያን ዕለት እኮ ጭላዳ ዝንጀሮው ከገደሉ ወጥቶ...» ብሎ ጀመረ።

እጄን አነሳሁበት። ከኋላው አራት ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ከአፋፉ የሚመጣው ንፋስ ወረቀቴን ሊወስድብኝ ይታገለኛል። «ስማኝ ጌታነህ፣ ዳኛ ፊት ጭላዳ ብትጠራ ሰበብ ነው የሚመስልብህ። ደምሴም ‹ሊክደኝ ነው› ይላል፤ ዕርቃችሁም ይፈርሳል። የሚጠይቁህን ሁሉ ‹አዎ› በል።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ይቀልልሃል።»

«መንግሥት ጠበቃ አቆምልሃለሁ ቢለውስ?» አለች አስካለ። ቀጭን ናት፤ ስትናገር ዓይኗን አትሰብርም።

«ላመነ ሰው ጠበቃ ምን ያደርግለታል?»

መምሬ ከጋቢያቸው ሥር አጣጥፈው የያዙትን የዕርቅ ወረቀት አወጡ። አምስት ሽማግሌዎች ጣታቸውን ያተሙበት ነው። «ይሄስ አብሮ አይገባም?»

«ቤት ይቀመጥ መምሬ። ካመነ ይበቃዋል።» ይህን ብዬ ወደሚቀጥለው ባለጉዳይ ዞርኩ።

በኅዳር መግቢያ ክሱ በተሰማ ቀን እኔም ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ደንበኛዬ ሲቀልለት ማየት እወድ ነበር። ዳኛው ወጣት ቢሆንም ጠንቃቃ ነው። ክሱን ቀስ ብሎ አነበበለት። ጠበቃ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው፤ ጌታነህም «ካመንኩ ጠበቃ ምን ያደርግልኛል ጌታዬ» አለ። የገዛ ቃሌን ከአፉ ስሰማ ኮራሁ።

«ደምሴን በድንጋይ መትተሃል?»

«አዎ።»

«ዓይኑን አጥፍተሃል?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ይህን ያደረግከው ሆነ ብለህ ነው?»

ጌታነህ ትንሽ ዘገየ። ዞር ብሎ አየኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁለት። አዎን፣ ነቀነቅሁለት፤ ይህችን ጽፌ ካላለፍኩ የቀረውን ሁሉ ባልጽፍ ይሻላል።

«አዎ፣ ሆነ» አለ። «አንዴ ሆነ።»

«የምትለው ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

ዳኛው በገዛ ቃሉ ጥፋተኛ ነው አለና የቅጣት አስተያየት ጠየቀ። ዐቃቤ ሕግ የድንበሩን ቂም አነሳ፤ የጉዳቱን ክብደት አነሳ። ጌታነህ «የምለው የለኝም» አለ። ሁሉንም ወድቀህ ተቀበል ብዬው የለ? ከሰዓት በኋላ ስድስት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት።

ሰው ይጮሃል ብዬ ነበር፤ ማንም አልጮኸም። አስካለ ፖሊሶቹ ባሏን እስኪያስወጡት ቆማ አየች። ከዚያ እኔ ወዳለሁበት መጣችና በቀስታ «ይቀላል ያልሽው ይሄ ነው?» ብላ ሄደች።

ከዚያ ቀን በኋላ ጠረጴዛዬን ስዘረጋ ፊቴን ከፍርድ ቤቱ በር አዙሬ መቀመጥ ጀመርኩ። ብርድ ነው እላለሁ ለጠየቀኝ። ብርድ አልነበረም።

አስካለ የተመለሰችው ይግባኝ ለመጠየቅ የተፈቀደው ጊዜ ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የውሳኔውን ግልባጭ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። እጇ በገብስ ነዶ ተቧጥጧል። «ሌላ የማውቀው ሰው ቢኖር አንቺ ጋ አልመጣም ነበር» አለችኝ። «ይግባኝ የሚባል አለ አሉ። ተነሺና ጻፊልኝ።»

እኔ የምጽፈው ይግባኝ እንደገና እንዳይገድለው ፈራሁ። «እኔ አልጽፈውም» አልኳት። «ደብረ ብርሃን ለድሃ የሚቆም ተከላካይ ጠበቃ አለ። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ሐሙስ መናኸሪያ ወጣን። መንገድ ተዘግቷል ተባለ። በዚህ ጊዜ በእኛ አገር ይህ ሲባል ማን ዘጋው፣ ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መቼ ይከፈታል ብቻ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቁጭ ብለን ዋልን። አስካለ ወረቀቱን ከጉያዋ አላወጣችውም። አንድም ጊዜ አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነው። ገና ጎህ ሲቀድ አንድ አይሱዙ ድንች ጭኖ ሊወጣ ሲል ሹፌሩን ለምነን ከጋቢናው ተጋፍተን ገባን። ጉሙ ከመንገዱ ላይ አልተነሳም ነበር። ሁለት ቦታ ፈተሹን። ሁለተኛው ኬላ ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ አቆሙን፤ ከፊታችን የቆመው የመኪና ሰልፍ ንቅንቅ አይልም። ሰዓቴን ሳይ አስካለ ታየኛለች፤ ስታየኝ እጄን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። ደብረ ብርሃን የደረስነው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ለምሳ ተዘግቷል። መዝገብ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ስድስቱ ዓመት ስድስት ዓመት ሆኖ ይቀራል።

ተከላካይ ጠበቃዋ ሕይወት ትባላለች፤ ከእኔ በብዙ ታንሳለች። ምሳዋን ትታ ተቀበለችን። ግልባጩን ሳታነብ ገና «አምኖ ነው?» አለች።

«አምኖ ነው።»

«አምኖ የተፈረደበት ሰው ‹ጥፋተኛ አይደለሁም› ብሎ ይግባኝ አይልም፤ ሕጉ ዘግቶበታል። የሚከራከረው በቅጣቱ ላይ ብቻ ነው፤ በዛብኝ፣ አላግባብ ነው ብሎ። እመን ያለው ሰው ይህን አልነገረውም?»

አስካለ ወደ እኔ አላየችም። ይህንንም አልረሳውም። እኔ ግን ስምንት ዓመት ችሎት ውስጥ ታይፕ ስመታ ኖሬ «እመን» ከማለት ጀርባ የሚዘጋ በር እንዳለ አላውቅም ነበር።

ሕይወት ግልባጩን ማንበብ ጀመረች፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆመች። «ይህን ቃል እንዲሁ ነው ያለው? ‹አዎ፣ ሆነ። አንዴ ሆነ›?»

«እንዲሁ ነው ያለው፤ ሰምቻለሁ።»

«‹ሆነ ብለህ ነው?› ተብሎ ተጠየቀ፤ ‹ሆነ› አለ። ‹ሆነ ብዬ ነው› ግን አላለም።» ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። «አስበሽ ነው ወይ ሲሉት፣ ደረሰብኝ ነው ያለው። ይህ ሙሉ እምነት አይደለም ብዬ ልከራከር እችላለሁ። ከተቀበሉኝ መዝገቡ ይመለስና ክሱ እንደ አዲስ ይነበብለታል።»

ወረቀቱን አየሁት። የታይፒስቷ እጅ አንድ ፊደል አልጨመረም፤ አልቀነሰም። ሰውየው ሁሉን «አዎ» በል ያልኩትን እያከበረ፣ እውነቱንም በአንዲት ቃል አስቀምጦ ወጥቶ ነበር። እኔ እዚያው ተቀምጬ አልሰማሁትም።

«ነገር ግን» አለች ሕይወት፣ «መዝገቡ ሲመለስ ዳኛ ፊት ቆሞ ‹ሆነ ብዬ አይደለም› ማለት አለበት። ያለ ፈቃዱ አልጽፈውም። ማረሚያ ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ሮጣችሁ ጠይቁት።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከሽቦው ወዲህ ቆምን። ጌታነህ ከወዲያ መጣ፤ ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። አስካለ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

«እትዬ የሺ፣ አንቺም መጣሽ?» አለኝ።

«መጣሁ። ያን ዕለት ያቋረጥኩህን ንገረኝ ጌታነህ። ምን ሆነ?»

«አሁን ምን ይሠራል?»

«ለእኔ ንገረኝ።»

«የጭላዳ መንጋ ከገደሉ ወጣ። ገብሱ ወተት ይዟል። ወንጭፌን አዙሬ ለቀቅሁ። ደምሴ ለካስ ገብሱ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ኖሯል፤ ጩኸት ሰምቶ ቀና አለ። ይኸው ነው።» አፉን በእጁ መዳፍ ጠረገ። «አንድ ጊዜ ቀና ባይል።»

«ታዲያ ይህንን በላ!» አለች አስካለ። «ይህንን ለዳኛው በል፤ በቃ።»

«አልልም።»

«ጌታነህ!»

«ሆነ ብዬ አይደለም ካልኩ ደምሴን ዋሽተሃል ማለቴ ነው። ከደጁ ወድቄ አጥፍቻለሁ ያልኩት እኔ፣ ደብረ ብርሃን ወርጄ አላጠፋሁም ልበል? ድንጋዩን በእጁ ነው ያወረደልኝ። ወንድሞቹ ይህን ቀን ነው የሚጠብቁ።»

«ስድስት ዓመት እኮ ነው! እኔስ? ልጆቹስ?»

«ገብሱን ማን አጨደልሽ?»

ጠባቂው ሰዓቱን አየ።

«ማን አጨደልሽ አስካለ?»

«ደምሴ» አለች ወደ መሬት እያየች። «በአንድ ዓይኑ።»

«እንግዲያስ» አለ ጌታነህ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ቀኑን ማስቀነስ ከቻላችሁ አስቀንሱልኝ። ቃሌን ግን አትንኩብኝ።»

ከዚያ ስንወጣ አስካለ መንገድ ዳር ቆማ አለቀሰች፤ ከተፈረደበት ጊዜ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ሁሉ። እኔም አጠገቧ ቆምኩ። ትከሻዋን ልይዝ እጄን ዘርግቼ መለስኩት፤ መብቱ ያለኝ አልመሰለኝም።

ሕይወት ጋ ስንመለስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። የጌታነህን መልስ ስትሰማ ግልባጩን አጠፈችና «እሺ፣ ቅጣቱ ላይ ብቻ እንሂድ» አለች። የቀድሞ ጥፋት የለበትም፤ አምኗል፤ ታርቋል፤ ቤተሰብ ያስተዳድራል። መምሬ ተክሌ ለአስካለ ሰጥተዋት ኖሮ የዕርቁን ወረቀት ከጉያዋ አወጣችው። ሕይወት አምስቱን የጣት አሻራ አየችና ተናደደች።

«ይህ የት ነበር? ከዚህ የሚበልጥ ማቅለያ የለውም እኮ! ለምን ያኔ አልቀረበም? መጀመሪያ የሚጠይቁን ይህንን ነው።»

አስካለ ልታጋልጠኝ ትችል ነበር፤ እሷ ግን መስኮቱን ታያለች።

«እኔ ነኝ ቤት ይቀመጥ ያልኳቸው» አልኩ። «ጠበቃም አያስፈልግህም ያልኩት እኔ ነኝ። ሁሉንም አዎ በል ያልኩት እኔ ነኝ። ሲያመነታም ራሴን ነቀነቅሁለት።»

ሕይወት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህ ማመልከቻው ላይ ከገባ ይጠቅመዋል። ስለ ቅጣቱ ሲጠየቅ አፉን የዘጋው ንቀት ሳይሆን የተሳሳተ ምክር መሆኑን ያያሉ። ግን ስምሽ ይገባል። ጠረጴዛሽን ሊያስነሱብሽ ይችላሉ። ሰውም ከእንግዲህ...»

የምትለው ገብቶኛል። ያንን ጠረጴዛ ከፍርድ ቤቱ ወጥቼ ብቻዬን ያቆምኩት ነው። «የሺ የጻፈችውን» የሚሉኝን ሰዎች አሰብኩ። አላስገባውም የሚል ቃል እስከ ጥርሴ መጥቶ ነበር፤ እውነቱን ተናግሬያለሁና አትፍረዱብኝ። ጀግና ሆኜ አይደለም የጻፍኩት። ሕይወት ኮምፒውተሯን ስትከፍት መብራት ጠፋ። ሰዓቱ ይሄዳል። ለመዝገብ ቤት በሚሆን ጽሕፈት በእጅ መጻፍ የሚችል ከሦስታችን ማን አለ? ወረቀቱን ሳብኩት።

እሷ እያስጻፈችኝ እኔ ጻፍኩ። አራተኛው ነጥብ ላይ ስንደርስ «እዚህ ላይ አንቺ ነሽ የምታውቂው» አለችኝ። ብቻዬን ጻፍኩት። «ይግባኝ ባይ ጠበቃ ሳይዝ የቀረው፣ የዕርቅ ሰነዱን ያላቀረበው፣ በቅጣቱም ላይ አስተያየት ያልሰጠው፣ ይህን ማመልከቻ በእጄ የጻፍኩት እኔ ራፖር ጸሐፊዋ ባለማወቅ በሰጠሁት ምክር ነው።» ከሥሩ ሙሉ ስሜን ጻፍኩና ፈረምኩ። በሕይወቴ ለሌላ ሰው ስጽፍ የራሴን ስም ያስገባሁበት የመጀመሪያው ወረቀት ነው።

መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ስንደርስ ጸሐፊው ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ እየከተተ ነበር። «ሰኞ ኑ» አለ።

«ሰኞ የለውም ወንድሜ» አለችው አስካለ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ፊቷን አይቶ መሳቢያውን መልሶ ከፈተ።

ችሎቱ በጥር ተሰየመ። ሦስት ዳኞች ናቸው። ጌታነህ ከጠባቂው ጋር ቆሟል፤ ሕይወት ተናገረች፤ ዐቃቤ ሕግ መለሰ። ደምሴም መጥቶ ነበር፤ መምሬ ተክሌ ናቸው ያመጡት። ግራ ዓይኑ ተከድኗል። መሐል ዳኛው ማመልከቻውን ገልብጠው አራተኛው ነጥብ ላይ ቆዩ።

«ይህን የጻፉት ወይዘሮ እዚህ አሉ?»

ተነሳሁ። ስንት ሰው ከዚያ ቦታ አቁሜያለሁ፤ እኔ ቆሜበት አላውቅም ነበር።

«ምን ብለው መከሩት?»

«እመን፣ ይቀልልሃል ብዬ።»

«ምን እንደሆነ ጠይቀውት ነበር?»

«አልጠየቅሁትም ክቡር ዳኛ።»

«ምንም?»

«ሊነግረኝ ሲጀምር አቋረጥኩት።»

«ይቀመጡ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ምናለ አልኩ።

ቀጥለው ደምሴን አስነሱ። መታረቃቸውን ጠየቁት። «ታርቀናል፤ ከልቤ ነው» አለ። «ሌላ የምትለው አለህ?» አሉት። ደምሴ አፉን ከፈተ። ጌታነህ ቀና ብሎ አየው። ሁለቱ እንዲህ ተያይተው ቆዩና ደምሴ «የለኝም» ብሎ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ውሳኔው ተነበበ። ጥፋተኛ መባሉ ጸና። ዕርቁና የቀድሞ ጠባዩ ተይዘውለት ቅጣቱ ወደ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ዝቅ አለ። አስካለ ወለሉን ሳመች። ጌታነህ ወደ ደምሴ እጅ ነስቶ ወጣ።

እኔም ሸክሜ የቀለለ መስሎኝ ወደ በሩ ስሄድ ደምሴ ከግቢው ግንብ ሥር ብቻውን ቆሞ አየሁት። «እትዬ» አለኝ። ቀረብኩ።

«ጭላዳው የነበረው የእኔ ገብስ ውስጥ ነው።»

አልገባኝም። «እንዴት?»

«የእሱ ማሳ ውስጥ አንድም አልነበረም። እኔ ጭላዳው መውጣቱን አላየሁም፤ ጎንበስ ብዬ አረም እነቅላለሁ። እሱ ከማዶ አየና ወንጭፉን ለቀቀ። ሁለት ዓመት ተኳርፈን፣ የወረወረው የእኔን ገብስ ሊያድን ነው።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ብቻ «ታዲያ ለምን?» ያልኩ ይመስለኛል።

«መጀመሪያ ሲያመኝ፣ ወንድሞቼ ፊት ‹ሆነ ብሎ ነው› አልኩ። በኋላ ሕመሙ በረድ ሲልልኝ አሰብኩት፤ ገባኝ። ሽምግልናው ላይ ‹አይደለም፣ ጭላዳ ነው› ቢለኝ ‹እውነቱን ነው› ልል ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን አመነ። ችሎትም ላይ አመነ ተባለ። ካመነልኝ በኋላ እኔ ምን ልበል? ዕርቁ ሐሰት ነበር ልበል? ወንድሞቼ እኔን ምን ይሉኛል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ አልተመለሰልኝም።»

«አሁን ግባና ንገራቸው!» አልኩት። እጁን ጨብጬ ሳብኩት። «አሁኑኑ!»

«ዛሬ ሲያየኝ አላየሽም?» አለ። «ተው አለኝ እኮ።» እጁን በቀስታ ከእጄ አወጣና ሄደ።

እዚያው ግንቡ ሥር ተቀመጥኩ። ጥፋቴ የጌታነህን አፍ መዝጋት ብቻ መስሎኝ ነበር። እኔ «እመን» ስለው ለካ ደምሴም አብሮ ተዘግቷል። አንዱ እውነቱን ቢናገር ሌላው ሊመሰክርለት ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሁለቱም ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ ለዕርቁ ሲሉ ያልሆነውን ሆነ አሉ። በመካከላቸው የቆመው ግድግዳ እኔው ነኝ።

ጌታነህ በአመክሮ ተፈቶ ከወጣ ሰነበተ። ሁለቱ አሁን ጭላዳ የሚጠብቁት በአንድ ማማ ነው። ድንበሩ ላይ የነበረውን ክርክርም ትተውታል። ከተፈታ በኋላ አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ «እትዬ የሺ፣ በርቺ» ብሎኝ ሲሄድ «ደምሴ ነግሮኛል» አልኩት። ባርኔጣውን አስተካከለና «አንቺም እንግዲህ ቻይው» አለኝ። ይህን ስጽፍ የእኔን ትቼ ስማቸውን ሁሉ የቀየርኩት ለዚህ ነው። ቃሉን አልነካሁበትም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ ደህና አድርጌ ግን አልተጽናናሁም።

ጠረጴዛዬን አላስነሱብኝም። ደንበኛ ቀንሷል፤ ገና ሲያዩኝ እየተሻገሩ ወደ ሌላው ጸሐፊ የሚሄዱ አሉ። አልፈርድባቸውም። እናንተም አንድ ቀን ወረቀት ይዛችሁ ከአንዱ በረንዳ ላይ ትቆሙ ይሆናል፤ ወይም ሰው ምከሩኝ ብሎ ከፊታችሁ ይቆማል። ጥፋቱን ማመን ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን ያልሰማችሁትን ነገር እመን አትበሉት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ የክስ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ «እትዬ፣ አምኜ ልገላገል፤ ቶሎ ጻፊልኝ፣ መኪና ያመልጠኛል» አለኝ። ከኋላው ሦስት ሰው ቆሟል። ንፋሱም እንደ ልማዱ ወረቀቱን ይታገለዋል። ድንጋይ ጫንኩበት። እስክሪብቶዬን ዘጋሁና ወንበር ሳብኩለት።

«ቁጭ በል» አልኩት። «መኪናው ይሂድ። ምን ሆነ?»